ቪክቶር ሃራን ለመስማት ከየትኛው አልበም ይጀመር?

"ቪክቶር ሃራ የሚሉትን ቺሊያዊ ዘፋኝ መስማት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ሰውዬው በሕይወት እያለ በስሙ የወጡት አልበሞች ከ1966 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተሰሩ ናቸው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ሰባት ዓመት ብቻ። ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ ጊታሩም ያው። የምታገኙት ሰው ግን ከአልበም አልበም ይለያያል። አንዱ ላይ የገበሬ ልጅ ነው። ሌላው ላይ ከተማሪዎች ጋር አደባባይ የወጣ ወጣት። ሌላው ላይ ደግሞ ሰርግ ቤት ተቀምጦ ሰው ሲያስቅ የሚያመሽ ተጫዋች። ስለዚህ "የትኛው ይሻላል?" ስትሉኝ እኔ የምመልሰው መጀመሪያ የትኛውን ሃራ ማግኘት ትፈልጋላችሁ ብዬ ነው።

እኔ የጀመርኩት በማይሆን መንገድ ነው። "ምርጥ ዘፈኖች" የሚል ስብስብ ገዛሁ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ሁሉ ስለ አሟሟቱ ነበር። ያንን አንብቤ ስከፍተው እያንዳንዱ ዘፈን ለቅሶ ሆነብኝ። ስለ ፍቅር ሲዘፍን ለቅሶ፣ ሲቀልድ ለቅሶ፣ ለልጅ ሲዘፍን ለቅሶ። ወራት እንደዚህ ሰማሁት። ከዚያ አንድ ቀን ሰው ቤት ሙሉ አልበም ተከፍቶ፣ እኔም ማን እንደሚዘፍን ሳላውቅ፣ ቡና እየጠጣሁ ሰማሁና ድምፁ ውስጥ ሳቅ እንዳለ ያን ቀን ገባኝ። ሃራ ነው ሲሉኝ አላመንኩም።

ስለዚህ ከስብስብ አትጀምሩ። ስብስቦቹ ከየአልበሙ ታዋቂውን እየነቀሉ ያስቀምጣሉ፤ የ1966ቱን የፍቅር ዘፈን ከ1973ቱ የስንብት ዘፈን አጠገብ ያደርጉታል። ሁለቱም ያምራሉ፣ ግን እርስ በርስ ይጣላሉ። የሃራ አልበሞች አጫጭር ናቸው፤ በሸክላ ዘመን የተሰሩ ስለሆኑ በአንድ ፊትና በሌላው ፊት ተከፍለው ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢዘሉ ነው። አንዱን ሙሉውን ለመስማት የአንድ ድስት ሽሮ መስሪያ ጊዜ ይበቃል።

ለአብዛኛው ሰው፦ የ1969ኙ

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ "ፖንጎ ኤን ቱስ ማኖስ አቢየርታስ" ነው የምላችሁ። ትርጉሙ "በተዘረጉት እጆችህ ላይ አኖራለሁ" ማለት ነው። የሚያኖረው ጊታሩን ነው፤ የሚያኖርለት ደግሞ የቺሊን ሠራተኞች ለማደራጀት ዕድሜውን ለሰጠው ለሉዊስ ኤሚሊዮ ሬካባሬን። አልበሙ በዚህ ዘፈን የመጀመሪያ ስንኝ ቢጠራም ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሌላውን ነው፤ "ቴ ሬኩዌርዶ አማንዳ"ን፣ ማለትም "አማንዳ፣ አስታውስሻለሁ"ን።

ይህን ዘፈን ብዙ ሰው ዘፍኖታል፤ መጀመሪያ ግን ከዚህ አልበም ስሙት። አንድ ሰውና አንድ ጊታር ብቻ ነው። አማንዳ የምትባል ልጅ በዝናብ እየሮጠች ፋብሪካ በር ላይ ማኑዌልን ልታገኘው ትሄዳለች። ያላቸው የአምስት ደቂቃ እረፍት ነው። አምስት ደቂቃ፣ ግን ለእነሱ ማለቂያ የለውም። ከዚያ ማኑዌል ወደ ተራራው ይሄዳል። ማንንም ያልበደለ ሰው ነው፤ እዚያም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የፋብሪካው ሳይረን እንደገና ይጮሃል፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም፣ ማኑዌልም አልተመለሰም። በቃ። ሃራ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከፍ አያደርገውም። ጣቶቹ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ይሄዳሉ፤ ሞቱ ላይ ሲደርስም ጊታሩ እንደቀድሞው ረጋ ብሎ ይቀጥላል፤ የሚያመውም እሱ ነው። አማንዳና ማኑዌል የእናቱና የአባቱ ስም መሆኑን ስታውቁ ደግሞ እንደገና መጀመር ያምራችኋል። ዘፈኑን የጻፈው በ1968 ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄዶ ሳለ ነው። ሴት ልጁም አማንዳ ነው ስሟ።

ይህን አልበም ለጀማሪ የምመርጠው ግን በአማንዳ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሁሉም ዓይነት ሃራ ስላለበት ነው። "ፕሬጉንታስ ፖር ፑዌርቶ ሞንት" የሚለው ከአማንዳ ፍጹም ተቃራኒ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1969 በደቡብ ቺሊ ፑዌርቶ ሞንት ከተማ አጠገብ ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች ባዶ መሬት ላይ ሰፍረው ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። ሃራ ወዲያው ነው የዘፈነው፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን በስም ጠርቶ። ጊታሩ እዚህ ላይ ይመታል እንጂ አይነካካም። አንድ ሰው በሁለት ዘፈን መካከል እንዲህ ሲለወጥ መስማት ስለ ጊታር አጨዋወት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። "ሞቪል ኦይል ስፔሻል" ውስጥ ደግሞ የተማሪ ሰልፍ ጫጫታ ይሰማል፤ ስሙ በአድማ በታኝ ፖሊሶቹ ስም ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። "ኣ ዴሳላምብራር" አለ፤ የኡራጓዩ ዳንኤል ቪግሊየቲ ዘፈን ነው፤ የመሬቱን አጥር እናፍርስ የሚል።

እና "ዱዌርሜ ኔግሪቶ" አለ። አርጀንቲናዊው አታዋልፓ ዩፓንኪ ከሕዝብ ያገኘው እሹሩሩ ነው፤ ሃራ የራሱ አድርጎ ነው የዘፈነው። እናት እርሻ ላይ ስትለፋ ውላ ልጇ እንዲተኛ የሚባብልለት ሰው ነው የሚዘፍነው፤ ስትመለስ ይህን ታመጣልሃለች፣ ያንን ታመጣልሃለች እያለ። ቤት ውስጥ ከፍቼው እናቴ ከጓዳ ሰማችውና "ይሄ እሹሩሩ ነው አይደል?" አለችኝ። አንድ የስፓኒሽ ቃል አታውቅም። ቋንቋውን ስለማላውቅ ምን ይጠቅመኛል የሚል ሰው ካለ መልሴ የእናቴ ጥያቄ ነው። የግጥሙን ትርጉም አንዴ አንብቡ፣ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ስሙ። ሃራ ቃላቱን አጥርቶ ነው የሚያወጣቸው፤ ሳታስቡት የምትይዟቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። አልበሙ ላይ ኪላፓዩን የሚባለው ቡድን ያጅበዋል። ጥቁር ፖንቾ የሚለብሱ ጢማሞች ናቸው፤ ሃራ ለጥቂት ዓመታት የጥበብ መሪያቸው ነበር። የወንዶች ኅብረ ድምፅ የማይመቻችሁ ከሆነ አንዳንዱ ዘፈን ሊከብዳችሁ ይችላል። እኔ እወደዋለሁ። እሱ ብቻውን ሲዘፍን የነበረው ዝምታ ከእነሱ በኋላ ሲመለስ ይበልጥ ይሰማል።

ባንድ ለሚወድ፦ የ1971ዱ

የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን የለመደ ጆሮ ያላችሁ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊታር ግማሽ ሰዓት ሲዘፍን የምትሰለቹ፣ "ኤል ዴሬቾ ዴ ቪቪር ኤን ፓስ"ን ውሰዱ። "በሰላም የመኖር መብት" ማለት ነው። የርዕሱን ዘፈን ሃራ የሠራው ሎስ ብሎፕስ ከሚባሉ የሮክ ወጣቶች ጋር ነው። ያኔ የሕዝብ ዘፈን የሚዘፍኑ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታርን የባዕድ ወረራ አድርገው ነበር የሚያዩት። ሃራ ግን ገባበት። ዘፈኑ ለቬትናምና ለሆ ቺ ሚን ነው፤ ዜማው ግን ከዚያ ጦርነት አልፎ ኖሯል። በጥቅምት 2019 በሳንቲያጎ ጎዳናዎች ሕዝብ ሲወጣ የተዘፈነው ይኸው ነው፤ ብዙ ጊታረኞች አንድ ላይ ሆነው አደባባይ ላይ ሲጫወቱት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። ከአልበሙ ቅጂ ጋር አወዳድሩት። አልበሙ ላይ አንድ ሰው ይናገራል፤ አደባባዩ ላይ አገር ይመልስለታል።

ከ1969ኙ ጋር ሳወዳድረው ይህ አልበም የተሻለ የተቀነባበረ፣ ግን የተበታተነ ነው። "ላስ ካሲታስ ዴል ባሪዮ አልቶ" የሀብታም ሰፈር ቤቶችን የሚተርብ ነው፤ ዜማው የአሜሪካዊቷ የማልቪና ሬይኖልድስ ሆኖ ግጥሙን ሃራ ወደ ሳንቲያጎ ሰፈሮች አምጥቶታል። የስፔኑ ሚጌል ኤርናንዴስ ግጥም ላይ የተሠራው "ኤል ኒኞ ዩንቴሮ" በልጅነቱ ቀንበር የተጫነበትን አራሽ ልጅ ነው የሚያዝንለት። "ላ ፓርቲዳ" ደግሞ ያለ ቃል ነው፤ ዘፈን የለበትም፣ መሣሪያ ብቻ። ስፓኒሽ አልገባኝ አለ ብላችሁ የምትበሳጩ ከዚህ ጀምሩ፤ እዚያ ሁላችንም እኩል ነን።

በዚህ አልበም ላይ ያለው "ፕሌጋሪያ ኣ ኡን ላብራዶር" ለብቻው መጠቀስ አለበት። "ለአንድ ገበሬ የቀረበ ጸሎት" እንበለው። አሠራሩ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ግን የሚለምነው ሰማይን ሳይሆን ገበሬውን ነው፤ ተነሥ፣ እጆችህን ተመልከት፣ የወንድምህን እጅ ያዝ ይለዋል። ሃራ በወጣትነቱ የካህናት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ የጸሎቱን አካሄድ ከውስጥ ያውቀዋል። በ1969 በመጀመሪያው የቺሊ አዲስ ዘፈን ፌስቲቫል ከኪላፓዩን ጋር ዘፍኖት አንደኛነቱን ከሌላ ዘፈን ጋር ተጋርቷል። አቡነ ዘበሰማያትን በልጅነቱ የተማረ ጆሮ ይህ ዘፈን በሁለተኛው ደቂቃ ላይ እየጨመረ፣ እየፈጠነ ሲሄድ ምን እየሆነ እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ታሪክ ለሚከተል፦ "ላ ፖብላሲዮን"

የ1972ቱ "ላ ፖብላሲዮን" ዘፈን በዘፈን ተነጥሎ የሚሰማ አይደለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ ነው። መጋቢት 16 ቀን 1967 ማታ ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች በሳንቲያጎ ምዕራብ ዳርቻ ባዶ መሬት ላይ ገብተው ሰፈሩ። መንደራቸውን "ኤርሚንዳ ዴ ላ ቪክቶሪያ" ብለው ጠሩት፤ በዚያ ትግል ውስጥ ሕይወቷ ባለፈ ጨቅላ ሕፃን ስም። ሃራ መንደሩ ድረስ ሄዶ፣ ቴፕ ይዞ፣ ነዋሪዎቹን እያናገረ ነው አልበሙን የሠራው። በዘፈኖቹ መካከል የሰዎቹ ድምፅ አለ፤ ዶሮ ይጮሃል፣ ውሻ ይጮሃል።

ይህን የሠራው ሰው የቴያትር አዘጋጅ መሆኑን ካላወቃችሁ አልበሙ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። ሃራ በቺሊ ዩኒቨርሲቲ ቴያትር ተምሮ ለዓመታት ያዘጋጀ ባለሙያ ነበር፤ ብዙ ሰው ዘፋኝነቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የዚህን አልበም ግጥሞች አብሮት የሠራው አሌሃንድሮ ሲየቬኪንግም ጸሐፌ ተውኔት ነው። ስለዚህ እንደ ድራማ ስሙት፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። መክፈቻውን የምትዘፍነው ሃራ ሳይሆን ኢሳቤል ፓራ ናት፤ የታዋቂዋ ቺሊያዊት ዘፋኝ የቪዮሌታ ፓራ ልጅ። ቤት የለኝ፣ ያለኝ እጄ ብቻ ነው የሚል ነገር ነው የምትዘፍነው። በራሱ አልበም ላይ መድረኩን መጀመሪያ ለሴት ድምፅ መልቀቁን እወድለታለሁ።

ከዚያ "ሉቺን" ይመጣል። ሉቺን በድሃ መንደር ጭቃ ውስጥ የሚጫወት ትንሽ ልጅ ነው። የጨርቅ ኳስ አለው። ድመት አለ፣ ውሻ አለ፣ ፈረስም አለ። በቃ ይኸው ነው። በጨርቅ ኳስ ያደገ ሰው ይህን ዘፈን ለማብራራት ምንም አያስፈልገውም፤ እኔ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የሰፋነው ኳሳችን ነው የመጣብኝ፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይከብድ የነበረው። ሃራ ለልጁ አያለቅስለትም። እንደ ሉቺን ያሉ ልጆች ካሉ የወፍ ማጎሪያው ሁሉ ይከፈት፣ እንደ ወፍ ይብረሩ ዓይነት ነገር ብሎ ነው የሚጨርሰው፣ በለስላሳ ድምፅ።

የ1969ኙንና ይህን ማወዳደር ከባድ ነው። ለብቻዬ ማታ ማታ ስሰማ "ላ ፖብላሲዮን"ን እመርጣለሁ። እንግዳ ቤት ሲመጣ ግን አልከፍተውም፤ መሐል ላይ ወሬ ከተነሣ ክሩ ይጠፋል። በስልክ ዘፈኖችን አቀላቅሎ በሚያጫውት መንገድ የምትሰሙ ከሆነም ይቅርባችሁ፤ ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ የሚቀረው ግማሹ ብቻ ነው።

ጊታሩን ለሚፈልግ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና "ካንቶ ሊብሬ"

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የ1966ቱም የ1967ቱም አልበም ስማቸው አንድ ነው፦ "ቪክቶር ሃራ"። ስትገዙም ሆነ ስትፈልጉ የዘፈኖቹን ዝርዝር እዩ። "ኤል አራዶ" (ማረሻው) ካለበት የ1966ቱ ነው። "ኤል አፓሬሲዶ" ካለበት የ1967ቱ።

የ1966ቱ የልጅነቱ አልበም ነው። ሃራ ያደገው ከሳንቲያጎ ወጣ ባለ ሎንኬን በሚባል ገጠር ነው። እናቱ ጊታር ይዛ በሰርግና በሐዘን ቤት ትዘፍን ነበር፤ አባቱ የሰው መሬት አራሽ። "ላ ሉና ሲየምፕሬ ኤስ ሙይ ሊንዳ" ውስጥ አባቱንና ጸሎቱን፣ ሻማውንና ፍርሃቱን ያነሣል። "ፓሎማ ኪዬሮ ኮንታርቴ" ደግሞ ለጆአን ነው፤ ኋላ ሚስቱ ለሆነችው እንግሊዛዊት ዳንሰኛ። ርቆ ሄዶ የናፈቀ ሰው ለእርግብ መልእክት ሲልክ ነው። "ዴሃ ላ ቪዳ ቮላር"ም የፍቅር ነው። በእኔ ግምት ሃራ ከጻፋቸው የፍቅር ዘፈኖች ውስጥ ከአማንዳ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ አማንዳን እንደ ፍቅር ዘፈን ከቆጠርነው።

የ1967ቱ ወጣ ገባ ይበዛዋል። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንዱ "ኤል ላሶ" ነው፤ ቆዳ እየገመደ ገመድ የሚሠራ የሎንኬን ሽማግሌ። ሁለተኛው "ዴስፔዲሚየንቶ ዴል አንሄሊቶ" ነው፤ በቺሊ ገጠር ሕፃን ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ከሕፃኑ አፍ እንደወጣ አድርገው ለእናት የሚዘፍኑት ስንብት። እናቱ በእንዲህ ያለ ሌሊት ስትዘፍን ትንሹ ቪክቶር አጠገቧ ነበር። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ጊታሩን ሳይሆን እናቱን ነው የሰማሁት ብል ማጋነን አይደለም።

"ካንቶ ሊብሬ" (1970) ጊታር ለሚማር ሰው የምመክረው ነው። "ቬንቶሌራ"ን፣ "ኤል ቲንኩ"ን ስሙ። "አንሄሊታ ዌኑማን" የማፑቼ ብሔር ሴት ሸማኔ ናት፤ ዘፈኑ ስለ እጆቿና ስለምትሠራው ብርድ ልብስ ነው፣ ጊታሩም እንደ ክር እየገባ እየወጣ ይሄዳል። ከፖለቲካ ሸሽታችሁ ሙዚቃውን ብቻ የምትፈልጉ ከ1969ኙ ይልቅ ይህ ይመቻችኋል።

የ1968ቱ "ካንሲዮኔስ ፎልክሎሪካስ ዴ አሜሪካ" ከኪላፓዩን ጋር የተሠራ የየአገሩ ሕዝባዊ ዘፈን ነው። ደስ ይላል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሊቆይ ይችላል።

ሳቁን ለሚፈልግ

"ካንቶ ፖር ትራቬሱራ" የ1973 ነው፤ በሕይወቱ ሳለ የተሠራ የመጨረሻው አልበም። ሰው ይህን ሲሰማ ከባድ ነገር ይጠብቃል። ውስጡ ያለው ግን የደቡብ ቺሊ ገበሬዎች የሚጫወቱት ቀልድ፣ እንቆቅልሽ፣ ሰርግ ላይ የሚባል ብልግና ቀመስ ግጥም ነው። ሰምና ወርቅ አለው፤ ላይ ላዩን ስለ ወፍ ነው፣ ታች ሌላ ነው። ያ ሰው ቤት የሰማሁት ሳቅ ከዚህ ነበር።

ችግሩ ይህ አልበም ከሁሉም በላይ ቋንቋ ይፈልጋል። ቅኔን ማን ተርጉሞ ይጨርሳል? ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ አብራችሁ ስሙት። ከሌለም አንዴ ክፈቱት፤ ቃሉ ባይገባችሁ እንኳ ፈገግታው ይሰማል። ሃራን የሚወዱ ሰዎች ይህን አልበም ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም፤ የሚያሳዝነኝ እንጂ የሚያስቀኝ ሃራ የለም ያሰኛቸው ይህን አለመስማታቸው ነው።

"ማኒፊየስቶ"ን መጨረሻ ላይ

አሁን ስለ ሞቱ። መስከረም 11 ቀን 1973 ወታደሮች የፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አየንዴን መንግሥት ገለበጡ። ሃራ ያን ቀን የሚሠራበት የመንግሥት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ ጋር ተይዞ ወደ ኤስታዲዮ ቺሌ ተወሰደ። እዚያው ተሠቃይቶ ተገደለ፤ ሰውነቱ ላይ ከ40 በላይ ጥይት ተገኘ። 41 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ስታዲየሙ ዛሬ የሚጠራው በስሙ ነው። በ2018 የቺሊ ፍርድ ቤት በግድያው ስምንት የቀድሞ መኮንኖችን ፈረደባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያጸናው በ2023 ነው። ሃምሳ ዓመት። ጆአን ያን ሁሉ ዘመን ስትታገል ኖራ በዚያው በ2023 ኅዳር ላይ አረፈች።

ከግልበጣው በኋላ በቺሊ የእሱን ሸክላ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሰውን አደጋ ላይ ይጥል ነበር። ጆአን አገር ለቅቃ ስትወጣ የተቀዳው እንዲተርፍ አደረገች። ገና እየሠራቸው የነበሩት ዘፈኖች "ማኒፊየስቶ" ተብሎ በ1974 በወጣው አልበም ላይ ተሰሙ። የርዕሱ ዘፈን ለምን እንደሚዘፍን የሚናገርበት ነው፤ ድምፄ ስላማረ አይደለም የምዘፍነው፣ ጊታሬ የሀብታም አይደለችም የሚል። ጊታሩ ከሠራው ሁሉ ጥርት ያለው እዚህ ነው። "ኩዋንዶ ቮይ አል ትራባሆ"ም በዚህ ዘመን የመጣ ነው፤ ወደ ሥራ እየሄደ የሚወዳትን የሚያስብ ሰው።

በጣም የሚያምር አልበም ነው። ለዚህም ነው መጀመሪያ አትክፈቱት የምለው። ከዚህ ከጀመራችሁ እንደ እኔ ትሆናላችሁ፤ ሌላውን ሁሉ በሞቱ በኩል ነው የምትሰሙት። የ1969ኙን፣ "ሉቺን"ን፣ የሰርግ ቀልዶቹን ሰምታችሁ ስትመጡ ግን የሚሞተው የምታውቁት ሰው ነው።

ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። "ማኒፊየስቶ" በሚል ስም በየአገሩ የወጡት ዕትሞች ዝርዝራቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹ የቆዩ ዘፈኖችን ቀላቅለዋል። በሲዲ በኋላ የወጡት የሌሎቹ አልበሞች ዕትሞችም መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ዘፈን አላቸው። ተጨማሪው መጥፎ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ አልበሙ ያለቀበት ቦታ ላይ አቁሙና ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሃራ ራሱ ወይስ ሌሎቹ?

ብዙ ሰው ሃራን የሚያገኘው በሌላ ዘፋኝ በኩል ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጆአን ባዬዝ በ1974 አማንዳን ዘፍናለች፤ ድምፅዋ ከፍ ይላል፣ ያሳዝናል፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ዋያት የዘፈነው ደግሞ ስስ፣ ሊሰበር የደረሰ ዓይነት ነው። እኔ ከሁለቱ የዋያትን አስበልጣለሁ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ2013 ሳንቲያጎ ላይ "ማኒፊየስቶ"ን በስፓኒሽ ሲዘፍን ቪዲዮው አለ፤ አነጋገሩ የውጭ ሰው ነው፣ አክብሮቱ ግን ይታያል። "ኤል አፓሬሲዶ"ን ከሆነ ኢንቲ ኢሊማኒ የሚባለውን የቺሊ ቡድን ቅጂም ስሙት። በተራራ የሚታደድ ሰው ነው፤ ሃራ ለቼ ጌቫራ የሠራው። ኢንቲ ኢሊማኒ ሲዘፍኑት ብዙ ሰው አብሮ ይሮጣል፣ ሃራ ሲዘፍነው ብቻውን ነው የሚሮጠው። እዚህ ላይ ለመምረጥ እቸገራለሁ።

የመድረክ ቅጂ ለሚወድ በ1972 ሃቫና ላይ የተቀዳው "አብላ ኢ ካንታ" አለ፤ "ይናገራል፣ ይዘፍናል" ማለት ነው። በዘፈኖቹ መካከል እያወራ ነው የሚሄደው። ድምፁ እንደ ስቱዲዮው የጠራ አይደለም። ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ ግን ከዚህም በላይ በሐምሌ 1973 ለፔሩ ቴሌቪዥን የዘፈነበትን ቪዲዮ ፈልጉ። ከዘፋኙ በቀር የሚያዘናጋ ነገር የለበትም። ቀኝ እጁን እዩ፤ አውራ ጣቱ ከታች እየመታ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ሲለቅሙ በግልጽ ይታያል። አማንዳን ለመማር ስሞክር ለሳምንታት ያቃተኝን ነገር ያገኘሁት እዚያ ነው፦ እኔ አውራ ጣቴን በጣም አጠንክሬ ነበር የምመታው።